የውድነሽ ስም ሲጠራ

እኔ ቁጡ ሰው ነኝ። ሰፈሩ ያውቃል፤ ሚስቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ከሰፈሩ በላይ ታውቅ ነበር። እዚሁ አሰላ መዝገብ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። የዕድራችን ጸሐፊ ከሆንኩ ደግሞ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ስሜ ፍቅረማርያም ነው፤ የሚጠራኝ ሁሉ ግን ጋሽ ፍቅሬ ነው የሚለኝ። ዕድራችን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ያለበት ነው። ቀብር ካለቀ በኋላ አጥር ጥግ ቆሜ መዝገቤን እገልጥና ስም እጠራለሁ፤ የመጣው "አለሁ" ይላል፣ ምልክት አደርግለታለሁ። በተከታታይ ሦስት ቀብር የቀረ ይሰረዛል፤ ደንቡ ይኸው ነው። ያልመጣን ሰው መጣ ብዬ አልጽፍም እያልኩ ስንቱን ወዳጄን አስቀይሜያለሁ። እንዲህ እያልኩ ግን አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ለአንዲት ሰው ስጽፍላት ኖሬያለሁ።

የጻፍኩላት ለውድነሽ ወልደ ጊዮርጊስ ነው። ውድነሽ እዚሁ ዐይኔ ሥር ያደገች፣ እዚሁ ከተማ ባዮሎጂ ስታስተምር የነበረች ልጅ ናት። አባቷ ሲሞቱ እናቷ እማማ በለጥሻቸው እግራቸውን ታመው ስለነበር የዕድሩ አባልነት በእሷ ስም ዞረ። ሌላ ልጅ የላቸውም። ዓመት ሳይሞላ ሐርጌሳ አንድ የግል ትምህርት ቤት መምህር ይፈልጋል ተባለና፣ በሁለት ሺህ አምስት መስከረም ላይ እናቷን ከጢቾ ለመጣች ዘመዳቸው አደራ ሰጥታ በጅጅጋ በኩል ወጣች። ለሁለት ዓመት ብቻ ነው ብላ ነበር። የሰው አገር ሁለት ዓመት እንዴት እንደሚረዝም የወጣችሁበት ታውቁታላችሁ።

የዕድሩን ወርሃዊ መዋጮ ከዚያው ሆና ትልካለች፤ አንድ ወር እንኳ አጉድላ አታውቅም። የተሳሳተችውም እዚሁ ላይ ነው። መዋጮው ከገባ ዕድሩ ያለ መሰላት። ዕድር በመዋጮ ብቻ ቢሆን ኖሮማ ባንክ በቀበረን። ዕድር ላይ ሰው በእግሩ ይመጣል፣ ድንኳን ይተክላል፣ ውሃ ይቀዳል፣ ንፍሮ ያዞራል፣ ከሐዘንተኛው ጋር እስከ ሠልስት ይቀመጣል። እሷ ግን ዲግሪዋን ይዛ ይሄን ሳታስበው ሄደች።

በሄደች በወሩ ሰፈር ውስጥ ሰው ሞተ። ጡሩንባው በጠዋት ተነፋ፣ ሄደን ቀበርን። ስም ስጠራ እሷ ላይ ደረስኩና "ውድነሽ ወልደ ጊዮርጊስ" አልኩ። ከሴቶቹ መሀል አንድ ድምፅ "አለች" አለ። ቀና ብል ማሚቱ ናት። ማሚቱ ከእነ ውድነሽ ግቢ ጎን የምትኖር፣ ገበያ ድንችና ነጭ ሽንኩርት የምትሸጥ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ለራሷ ስም ቅድም "አለሁ" ብላለች። ሕዝቡ ሲበተን ለብቻዋ ጠራኋትና ልክ ልኳን ነገርኳት። የምን ቀልድ ነው፣ የቀረ ቀርቷል፣ ሰው በሰው አይተካም አልኳት። አቀርቅራ ሰማችኝና ስጨርስ አንድ ነገር ጠየቀችኝ፤ አንድ ዕድርተኛ ሐዘን ቤት ምን ምን ይሠራል አለችኝ። እንደማታውቅ። ንዴቴ ሳይበርድልኝ በጣቴ እየቆጠርኩ ዘረዘርኩላት። "እሺ ጋሽ ፍቅሬ" ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች።

የሚቀጥለው ቀብር ኅዳር ላይ ዋለ፤ ብርዱ ከጭላሎ እየወረደ አጥንት በሚገባበት ጊዜ። ማሚቱ በማለዳ አንድ ጀሪካን ውሃ አዝላ ሐዘን ቤት ገባች። አስቀምጣ ወጣች፣ ቁልቁለቱን እስከ ቦኖው ድረስ ወረደች፣ ሌላ ጀሪካን ሞልታ ዳገቱን እንደገና ወጣች። ተረኛዎቹን ሴቶች ይሄኛው የውድነሽ ነው አለቻቸው። ንፍሮ አንድ ዙር አዞረች፤ እጇን ታጥባ ተመለሰችና ሌላ ዙር አዞረች። ከሰዓት በፊት ከሐዘንተኞቹ ጋር ለራሷ ተቀመጠች፣ ቤቷ ደርሳ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሌላ ነጠላ ለብሳ መጣች። የጠዋቱ ጥለቱ ሰማያዊ ነበር፣ የከሰዓቱ ቀይ። ሰው እንዳይምታታበት ነው መሰለኝ። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ሦስቱንም ቀን እንዲሁ ስታደርግ ሳይ ግን አፌን ይዤ ቀረሁ፤ የቀብሩ ቀን ስሟ ሲጠራ "አለች" ብላ ነበር፣ እኔም በሠልስቱ ምልክቱን አደረግሁ።

እንዲህ እያለች መቶ አርባ አንድ ቀብር። ቆጥሬዋለሁ፣ መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ነኝ። ሐምሌ ጭቃው ጫማ ሲነጥቅ ሁለቴ፣ ገበያ ቀን ሲሆን ድንቿን ለሰው ትታ ሁለቴ፣ ጉልበቷን መታመም ከጀመረች ወዲህ እያነከሰች ሁለቴ። ለውድነሽ እንዳልነግራት አስምላኛለች፤ ብትሰማ ትሳቀቃለች፣ የሰው አገር ልጆች ፊት ቆማ በምን አንጀቷ ታስተምራለች አለችኝ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለምን ነው እንዲህ የምትሆኚው ብዬ ጠይቄያታለሁ። ጎረቤቴ አይደለች እንዴ፣ እሷስ ብትሆን አታደርግልኝም ብላ መልሳ እኔኑ ጠየቀችኝ። እውነቱን ልናገርና ውድነሽ የምታደርገው አይመስለኝም። እኔም አላደርገውም። እግዚአብሔር አንዳንድ ሰው ሲሠራ ከምን እንደሚሠራው እንጃ።

ውድነሽ በበኩሏ ሐርጌሳ ላይ ሰው ሆናለች። ተማሪዎቿ በቋንቋቸው መዓሊማ፣ መምህርት እንደ ማለት፣ እያሉ ይጠሯታል፣ የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ያለ እሷ ፈተና አያወጣም፣ ወላጆች መንገድ ላይ አስቁመው ሻሂ ካልጠጣሽ ይሏታል። በየሁለት ዓመቱ ክረምት ላይ እየመጣች አሥራ አምስት ቀን ትቀመጥና ትመለሳለች። ሁለት ጊዜ ከእንግዲህ አልሄድም ብላ ለእናቷ ምላለች። ሁለቱንም ጊዜ ትምህርት ሲከፈት ሄዳለች፤ አንዴ ደመወዝ ጨመሩላት፣ አንዴ ደግሞ አሥራ ሁለተኛ ክፍሎችን ሜዳ ላይ በትኜ አልቀርም አለች። ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም የሚሄደው፤ አንድ ዓመት ብቻ እያለ ነው።

ለመመለስ የቆረጠችው መርሻ የሞተ ጊዜ ነው። መርሻ የኢተያ ልጅ፣ እዚያው ትምህርት ቤት ፊዚክስ የሚያስተምር ነበር። አንድ ጠዋት ክፍል ሊገባ ሲል ወደቀ። ሬሳውን ወደ አገሩ ለመላክ መኪና ተከራይተው ሲጭኑት ውድነሽ ዞር ብላ የቆመውን ሰው ቆጠረች፤ ሰባት ነው። ዘጠኝ ዓመት ያስተማረ ሰው በሰባት ሰው ተሸኘ። የአገሩ ሰው ክፉ ሆኖ እንዳልሆነ ደጋግማ ነግራኛለች፤ ተማሪዎቹ አልቅሰዋል፣ ትምህርት ቤቱ ወጪውን ችሏል፤ ግን ሬሳ የሚያነሳ ወገን የለም። እሷም ቤቷ ገብታ የራሷን ቆጠረች። ስድስት አገኘች።

በሰኔ ማመልከቻ ጽፋ ሥራውን ለቀቀች። ተማሪዎቿ የአገራቸውን ሽቶና አንድ ሰፊ ሻሽ ሰጧት። አንዷ ልጅ የአጥንት ስም በሙሉ ከራስ ቅል እስከ እግር ጣት ሳትሳሳት እየጠራች ሸኘቻት፤ ውድነሽ ይሄን ስትነግረኝ ዐይኗ ሞላ። ማራገቢያዋንና የጋዝ ምድጃዋን ለሌሎቹ ሐበሻ መምህራን አከፋፈለች። ባዶ ቤት ውስጥ ቆማ ድምፅ ስታወጣ ቤቱ መልሶ ሲያስተጋባ አሥራ ሁለት ዓመት እንዳለቀ ያን ጊዜ ነው የገባኝ ብላኛለች። በሐምሌ መጀመሪያ አሰላ ገባች፤ ሻንጣዎቿን የጫነው ጋሪ በደጃፌ ሲያልፍ አይቻለሁ። የመጣችው እንደ ሌላው ጊዜ ለአሥራ አምስት ቀን መስሎኝ ሰላም ብያት ገባሁ።

እማማ በለጥሻቸው ዲክሲስ ተወልደው ሰማንያ አምስት ዓመት የኖሩ፣ ባለፈው ዓመት ግን አልጋ ላይ የቀሩ ሰው ናቸው። ሐኪሙ ብዙ ተስፋ አልሰጠም። ልጃቸው ቤት ከገባች ጀምሮ በየጠዋቱ የሚጠይቋት አንድ ነገር ነው፤ ዕድራችን አለ ወይ ይሏታል። ውድነሽ አለ ትላለች። አንድ ቀን ግን የዕድሩ ቤት ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ደንብ ቆማ አነበበች፤ ሦስት ቀብር በተከታታይ የቀረ ይሰረዛል የሚለው ላይ ስትደርስ መለስ ብላ ደግማ አነበበችው። እንደገና ለመግባት አንድ ዓመት መጠበቅ ይላል። እናቷ ዓመት የላቸውም። መርሻን የሸኙት ሰባት ሰዎች ዐይኗ ላይ ድቅን አሉባት። እናቴን ማን ያነሳታል የሚለው ነገር እህል ከለከላት።

በነሐሴ የመጀመሪያው እሑድ ዕድርተኛው ተሰበሰበ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ሰው ሲናገር አይሰማም። ውድነሽ ተነሥታ በሁለት ገጽ የተጻፈ ማመልከቻ ለዳኛችን ሰጠች። ጉዳዩ ይቅርታ ስለመጠየቅ ይላል። ዳኛው አንብቦ ግራ ገባውና መዝገቡን እንድገልጥ አዘዘኝ። አልኩ እንግዲህ፣ ዛሬ ጉዴ ፈላ። ገልጬ አሳየሁት፤ በስሟ አንጻር ከዚያች ከመጀመሪያዋ ቀብር በቀር ከላይ እስከ ታች ምልክት ነው። ዳኛው ሳቀና ምንም ያጎደልሽው የለም፣ ተቀመጪ አላት።

እዚህ ላይ ዝም ብትል ኖሮ ነገሩ ባለቀ ነበር። እኔ በዐይኔ ለመንኳት። እሷ ግን መምህር ናት፤ በሕይወቷ የቀረን ተማሪ አለ ብላ ጽፋ አታውቅም። መዝገቡን ከእጄ ወስዳ ጣቷን በምልክቶቹ ላይ አስኬደች፣ ገጽ ገለበጠች፣ እንደገና ገለበጠች። ፊቷ ነጣ።

"ይሄ መዝገብ እውነት አይደለም" አለች። "እኔ አልነበርኩም። እናቴን በውሸት መዝገብ አላስቀብራትም።"

ዝናቡ ጋብ ብሎ ስለነበር ሁሉም ሰማ። ሰማይ የተደፋብኝ መሰለኝ። ከኋላ በኩል ይርሳው ተነሣ። ይርሳው ጡረታ የወጣ የፍርድ ቤት ሠራተኛ ነው፤ ደንቡን ያረቀቀው እሱ ነው፣ ከእኔ የባሰ ደረቅ ነው። ደንብ ደንብ ነው፣ አልነበርኩም ካለች ተሰርዛለች፣ ጸሐፊውም ይጠየቅ አለ። ልክ ነበር። እኔም ቆሜ ሁሉንም ነገር ዘረገፍኩት፤ ጀሪካኑን፣ ንፍሮውን፣ ሁለቱን ነጠላ፣ መሐላውን። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አውርዱኝ አልኩ። ስናገር ውድነሽን አየኋት። እጇ አፏ ላይ ነበር፣ ማሚቱን ለመፈለግ አንገቷን ታዞራለች፤ ልጅቷ ለካ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ምንም አታውቅም ነበር።

ማሚቱ በሩ አጠገብ ከተደረደሩት ድስቶች ጎን ተቀምጣለች። ስብሰባ ላይ ተናግራ አታውቅም። ጉልበቷን ይዛ ቀስ ብላ ተነሣች።

"ልጅቷ እውነቷን ነው፣ አልነበረችም" አለች። "እኔ ግን ሁለት ሆኜ ነበርኩ። አንዱን ካልቆጠራችሁት የቀረውን አንዱን ለእማማ በለጥሻቸው ስጡልኝ። የእኔን ሰርዙት። እኔ ዓመት እጠብቃለሁ፤ እሳቸው ዓመት የላቸውም።"

ብላ ተቀመጠች። ይሄን ስትል ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፣ ድንች የምትመዝን ነው የምትመስለው። ይህች ሴት ልጅ የላትም፣ ያለቻት ይህቺው ዕድር ናት፤ ነገ ብትሞት ማን ያነሳታል? አሥራ ሁለት ዓመት በእግሯ ያመጣችውን አንድ እንኳ ለራሷ ሳታስቀር ሰጠች። ስንት ቄስና ስንት ሼህ ሲመክር ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ያለ ነገር በሕይወቴ አልሰማሁም። ሽማግሌ ሆኜ እንባዬን የማፍርበት ምክንያት የለኝም፤ አለቀስኩ።

ያን ጊዜ ሩዋይዳ ተነሣች። ሩዋይዳ ከመስጊዱ ጀርባ ሱቅ ያላት የአርሲ ልጅ ናት፤ ትልልቅ ሴቶችን እንደ አያቷ አኮ ብላ ነው የምትጠራው። ያለወትሮዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተናገረች።

"አባቴ የሞተ ጊዜ ቦኖው ደርቆ ነበር" አለች። "አኮ ማሚቱ ከወንዝ ሁለት ጀሪካን አመጣች። አንዱን ለቤት አለችን፣ ሌላውን የውድነሽ ነው ብላ ሰጠችን። አባቴ የታጠበው በዚያ በውድነሽ ውሃ ነው። ያ ውሃ አልነበረም ልትሉኝ ነው?"

አንድ ሌላ ሰውዬ ተነሥቶ ሚስቴ ሐዘን ላይ በሁለት ነጠላ መጥታ ከልጆቼ ጋር ሦስት ቀን ተቀምጣለች አለ። ሌላዋ ሴት እኔ ቤት ንፍሮ ሁለቴ አዞራለች አለች። ከዚያ በኋላ ማን ማን እንደተናገረ አላስታውስም፤ ሰዉ ሁሉ የየራሱን ሐዘን ያወራ ጀመር፣ በሁሉም ቤት ማሚቱ ሁለት ሆና አለች። እኔ ስጽፈው የኖርኩት ምልክት ነበር፣ እንዲህ ሲሰማ ግን ምን እንደጻፍኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባኝ። ይርሳው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ደንቡን ሲያይ ቆየ። ሌሎቹ ተናግረው ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞረ።

"ጸሐፊ፣ ጻፍ" አለኝ። "ውድነሽ ወልደ ጊዮርጊስ አሥራ ሁለት ዓመት በማሚቱ እግር መጥታለች። ሁለቱም አባል ናቸው።"

ዳኛው የሚቃወም አለ ወይ ብሎ ጠየቀ፤ አንድም እጅ አልወጣም። ጻፍኩት። ሠላሳ አንድ ዓመት ከጻፍኩት ደብዳቤ ሁሉ አንድ መስመር ብቻ እንዲቀርልኝ ብጠየቅ እሷን መስመር ነው የማስቀረው። ውድነሽ በሰው መሀል እየተሹለከለከች ሄዳ ማሚቱ እግር ላይ ወደቀች። ማሚቱ ክንዷን ይዛ ጎተተቻትና ተነሽ ልጄ፣ ጭቃ ነው አለቻት።

እኔ መዝገቡን በላስቲክ ጠቅልዬ ብብቴ ሥር አድርጌ ከውድነሽ ጋር ወደ ቤታቸው ወጣሁ። እማማ በለጥሻቸው በዐይናቸው ያዩት ዘንድ ራሴ ላሳያቸው ፈልጌ ነበር። ዝናቡ አባርቶ ጭላሎ ጥርት ብሎ ይታያል። ስንገባ ነቅተዋል። ውድነሽ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና እጃቸውን ይዛ፣ እማዬ ዕድራችን አለ፣ ጋሼም ይኸው መጥተዋል አለቻቸው። ደስ ይላቸዋል ብዬ ስጠብቅ እሳቸው ልጃቸውን ብቻ ትክ ብለው አዩ።

"መቼ ነው የምትሄጂው?" አሏት።

ውድነሽ አልገባትም። የት አለች።

"ሐርጌሳ ነዋ። ክረምቱ ሊያልቅ ነው፣ ተማሪዎችሽ ይገባሉ። ቀኑን ብትነግሪኝ ይሻለኛል።"

ያን ጊዜ ነው ለሁለታችንም የገባን። ልጅቷ ከመጣች ጀምሮ ቀርቻለሁ ብላ ነግራቸዋለች፤ እሳቸው ግን ይሄን ሁለት ጊዜ ሰምተውታል። ስለዚህ በየጠዋቱ ስለ ዕድሩ ሲጠይቁ የነበረው ልጃቸው በሌለችበት ቀን የሚሆነውን እያሰሉ ነው። ውድነሽ ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለች።

"አልሄድም እማዬ። ሥራውን ለቅቄያለሁ። የምተኛበትን አልጋ ሳይቀር ለሰው ሰጥቼ ነው የመጣሁት።"

"አልጋሽን?" አሉ።

"አልጋዬን።"

እማማ በለጥሻቸው ዐይናቸውን ጨፈኑ፣ ጣታቸው የልጃቸውን እጅ አጥብቆ ያዘ። እኔ መዝገቡን ከላስቲኩ አውጥቼ ገጹን መፈለግ ጀመርኩ። ወረቀቱ ሲንኮሻኮሽ ሰምተው ዐይናቸውን ገለጡና አዩኝ።

"ተወው ፍቅሬ" አሉኝ። "ዐይኔን የምትከድንልኝ ከመጣች፣ ዕድሩን እንደፈለጋችሁ አድርጉት።"